ደብዳቤ ለልጄ፦ በክረምቱ ትምህርት ቤታችንን ስለ ማገዝ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽን ሲያስቸግራት የነበረው ጉልበቷም ተሽሏታል። ባለፈው እሑድ በስልክ ያጫወትሽኝን ጉዳይ ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ ከሚቀር በጽሑፍ ቢደርስሽ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁልሽ። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞችሽ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ በክረምቱ የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ለመቀባትና ኮምፒውተር ለመግዛት ማሰባችሁን ስሰማ ልቤ ሞልቷል። ሆኖም ታናሽ ወንድምሽ እዚያ ከገባ ወዲህ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ተመርጬ በግቢው ስመላለስ ያየሁት ነገር ስላለ፣ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ሐሳባችሁን አንድ ጊዜ ብትከልሱት እወዳለሁ።

በቀለሙ ልጀምር። አዲስ አበባ ዳር ያለውን የሰፈራችንን የአራብሳን ክረምት አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡ ከገባ እስከ መስከረም ድረስ ግድግዳ የሚባል ነገር አይደርቅም። ያለፈው ዓመት ሐምሌ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች መጥተው ከሜዳው በስተግራ ያለውን ባለ አራት ክፍል ሕንፃ በሁለት ቀን ቀብተውት ሄዱ፤ እናትሽም ልፋታቸውን አይታ ቡና አፍልታ አጠጥታቸዋለች። ኅዳር ላይ ግን ቀለሙ እየተነፋ ይላቀቅ ጀመር፤ ምክንያቱም የጣሪያው አሸንዳ ተቀዶ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርድ ስለ ነበር ልስኑ ውስጥ ውስጡን ርሷል። ወጣቶቹ አስቀድመው የጥበቃ ሠራተኛውን እንኳ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አሸንዳውን ባሳያቸው ነበር። ባለፈው ጥር አስጠግነነዋል፤ እንግዲህ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እናንተ ትምህርት ላይ ናችሁ።

ወደ ኮምፒውተሩ ስመጣ፣ የንብረት አያያዝ የእኔ ሙያ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ለትምህርት ቤቱ ስድስት ኮምፒውተሮች አስረክቦ ነበር። ዕቃው እንደ ገባ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ተቆረጠለትና በንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ኃላፊነት ሥር ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱ ቢጠፋ ተጠያቂዋ እርሷ ናት፤ ከደመወዟም ሊቆረጥ ይችላል። በኮምፒውተሩ የሚያስተምር ሰው አልተመደበም፤ ሊቀመጥበት የታሰበው ክፍል የብረት በር የለውም፤ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። እንግዲህ ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ቆልፋባቸው ተቀመጠች። እኔ በንብረት ክፍል 22 ዓመት ሠርቻለሁና በእርሷ ቦታ ብሆን ያደረገችውን ነው የማደርገው፤ ወላጆች በስብሰባ ላይ ሲወቅሷት ስሰማ ያመኛል። እናንተም አምስት ብትጨምሩ የተቆለፈባቸው ኮምፒውተሮች አሥራ አንድ ይሆናሉ።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትም በዚሁ ምክንያት ለዓመታት በካርቶን ታሽገው ኖረዋል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ርእሰ መምህሯን አስፈቅደን፣ እኔና ሁለት ወላጆች ከንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ጋር አራት ቅዳሜ ቁጭ ብለን ቈጠርናቸው። አይጥ የበላቸውንና የተቀዳደዱትን ለይተን በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እንዲወገዱ ሐሳብ አቀረብን፤ የቀሩትን ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ደረሰኝ ወጪ አድርጋ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው አስረከበች፤ በልጆች እጅ የሚያረጅ መጽሐፍ በአገልግሎት ብዛት ማርጀቱ እየተፈረመ የሚመዘገብበት ደብተርም ከፈትን፤ ልጅ አንብቦት ያለቀ መጽሐፍ የማንም ዕዳ እንዳይሆን ነው። ወረቀቱ ሲስተካከል በሩ ተከፈተ። ለመዝገቡ ደብተር ከከፈልነው በቀር ገንዘብ አላወጣንም።

ቤተ መጻሕፍቱ ከተከፈተ በኋላ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም በእርሱ ምክንያት ነው። አንድ ቅዳሜ የ3ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ የተረት መጽሐፍ ገለጠ። «እስቲ አንብብልኝ» አልሁት። ጥርት ባለ ድምፅ አወረደው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጣቱ አንደኛው መስመር ላይ ነው፤ አፉ ሦስተኛው መስመር ደርሷል። ታሪኩን ሌሎች ሲያነቡት ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ከዚያው ገጽ «ወንዝ»፣ «በሬ»፣ «መንገድ» የሚሉትን ቃላት በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለየብቻ ባቀርብለት አንዱንም ሊለይ አልቻለም። ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይዘልቀዋል፤ ከመሐል አውጥቼ «ዝ»ን ሳሳየው ግን ጣቱን እያጠፈ «ዘ፣ ዙ፣ ዚ፣ ዛ፣ ዜ» ብሎ ከመነሻው ቆጥሮ ነው የደረሰበት። ፊደል መቁጠር የሚለው አነጋገራችን ለዚህ ልጅ ቃል በቃል እውነት ነበር።

መጀመሪያ፣ ልጁ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካሉት የገበሬ ቤቶች የሚመጣና በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ስለሆነ፣ ችግሩ የቋንቋ ነው ብዬ ገምቼ ነበር። በተከታዮቹ ሳምንታት ግን ከእኛው ብሎክ የሚመጡ፣ በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆችም እንደዚያው ሆነው አገኘኋቸው። መምህራኑን ለመውቀስ አትቸኩዪ። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ የዚህ ልጅ ክፍል ከ60 በላይ ይዟል። የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ለእነዚህ ሲከፋፈል ለአንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ መምህርቷ ደግሞ ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣና ከሥራ ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት። በጋራ ጮኸው ሲያነቡ ማን በዐይኑ እንደሚያነብ፣ ማን በጆሮው እንደሚከተል እንዴት ትለይ?

በጥር 2015 ይፋ የሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በየቤቱ ያመጣውን ድንጋጤ ታስታውሺዋለሽ፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ሁላችንም ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስንነጋገር ከረምን። ዛሬ ያንን ቁጥር ሳስብ የሚታየኝ ጣቱ ከአፉ ወደ ኋላ የቀረው ልጅ ነው። በ3ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ በ7ኛ ክፍል ሳይንሱን በእንግሊዝኛ እንዲማር ሲጠየቅ በምን ይይዘዋል?

አያትሽ እንዴት ማንበብ እንደቻለች ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ እርሷ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ማታ ማታ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ትሄድ ነበር፤ ያስተማራት ገና ጺም ያላበቀለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ዘመቻው በዓመቱ የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳገኘ ይታወቃል፤ እርሷ ግን እስክታርፍ ድረስ ታነሣው የነበረው፣ ያ ወጣት ዝናብ ሲጥል እንኳ ከሰዓቱ ሳያጎድል መምጣቱን ነው። «ይመጣል ብዬ ስለማውቅ አልቀርም ነበር» ትል ነበር። ያን ዘመን ሁሉ ለማመስገን አይደለም፤ በቤታችን ብዙ ያጎደለ ዘመን ነው። የወጣቱ ነገር ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም።

እኛም የጀመርነው ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ለአንድ ትልቅ ሰው አራት ልጆች ይሰጡታል። ፊደሉን ከተራው አፍርሰን በካርቶን ቁራጭ ጽፈን እንበውዘዋለን፤ ልጁ ያነሣውን ይለያል፤ ከዚያ ሁለት ሦስቱን አጋጥሞ ቃል ይሠራል፤ በመጨረሻ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብልናል፤ የደረሰበትንም በየስሙ እንመዘግባለን። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር አይቀመጥም፤ ርእሰ መምህሯ ይህንን አስቀድማ ያስገባችው ደንብ ስለሆነ ጓደኞችሽም ያክብሩት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹ ይመጡና ከ4 ሰዓት በኋላ ይበታተኑ ነበር። ምክንያቱን ያገኘችው እናትሽ ናት። በሥራ ቀን በከተማ አስተዳደሩ የምገባ ፕሮግራም ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ፤ ቅዳሜ ግን ምገባ የለም፤ ከቤታቸው ሳይቀምሱ የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። ጉዳዩን ለእድራችን አቀረበች፤ አንዳንዶች «እድር ለቀብር ነው» ብለው ቢከራከሩም በመጨረሻ ተስማምተው ሦስት ሦስት ቤት በየተራ ዳቦና ሻይ ያቀርባል። ከዚያ ወዲህ እስከ 5 ሰዓት የሚቀመጥልን ልጅ በዝቷል። የተሰባበሩትን ኮምባይንድ ዴስኮችም ከእድሩ አባላት አንዱ በያጅ ስለሆነ እየጠገነልን ነው፤ ብረቱን ትምህርት ቤቱ ገዛ፣ ጉልበቱ የእርሱ ነው።

ያ ልጅ ባለፈው ወር የእድር ማስታወቂያ በተለጠፈበት የግቢው በር ላይ ቆሞ ጣቱን ሳያስነካ ሲያነብ አገኘሁት። «ጠቅላላ ጉባኤ» የሚለው ላይ ተሰናከለ፤ ተመልሶ አነበበው፤ ከዚያም ጉባኤ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ልጄ፣ ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እናትሽ ምን ሆነህ ነው እስክትለኝ ድረስ ፊቴ ላይ ያስታውቅ ነበር።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገውን በግልጽ ልንገርሽ። ቅዳሜ ላይ የምንገኘው ሰባት ሰዎች ነን፤ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን ከምንችለው በላይ ናቸው። እናንተ ስምንት ሆናችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሳምንት ሦስት ጠዋት ብትመጡ እያንዳንዳችሁ አራት ልጅ ትይዛላችሁ። ከመካከላችሁ ሁለት ሳምንት ብቻ መቆየት የሚችል ካለ፣ እርሱ ልጅ ባይረከብና መጽሐፍ በመጠገን ቢያግዝ ይሻላል፤ ልጆቹ አንድ ሰው ለምደው ሲጠፋባቸው እነርሱም መቅረት ይጀምራሉ፤ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ያዋጣችሁትን ገንዘብ በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት ርእሰ መምህሯን ጠይቂያት፤ እኔ እንደማውቀው የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ጋ የሚቀመጥ የውሃ ሮቶ ትፈልጋለች፤ ውሃ እዚህ በፈረቃ ስለሆነ ባልመጣበት ቀን ትልልቆቹ ልጃገረዶች ከትምህርት ይቀራሉ። ሮቶ ደግሞ ቆመ ማለት ሥራ ጀመረ ማለት ነው፤ ማንም አይቆልፍበትም።

ትምህርት ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ወላጆች ካርድ ለመውሰድ በሚመጡበት በዚያ ቀን የክረምቱን ልጆች ስም እየመዘገብን እናስፈርማለን፤ ስለዚህ የጓደኞችሽን ስምና የሚችሏቸውን ቀናት እስከ ሰኔ 20 ድረስ ላኪልኝ። ፊደል ለምንጽፍበት ቁራጭ የሚሆን ካርቶን እናትሽ ከሱቆቹ እየሰበሰበች ነው፤ ከእናንተ በኩል ወፍራም ማርከር ብቻ ያስፈልገናል፤ ጥቁርና ቀይ። ወንድምሽ አራተኛው ወንበር ላይ ያለው ልጅ የአንቺ ነው ብሎ ከአሁኑ ለይቶልሻል፤ እስክትመጪ ድረስ እርሱ ራሱ ፊደሉን እየበወዘ ያስጠናዋል።

እናትሽና ወንድምሽ በእጅጉ ናፍቀውሻል። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አባትሽ