በርነራችንን በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ አስተካክላችሁ ስለመሄዳችሁ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ለቦይለር ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የካቲት 4 ቀን የተሰጠንን የበርነር ማስተካከያ አገልግሎት ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከእናንተ ጋር መሥራት ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌላችሁ አላውቅም። ችግር ሲኖር እደውላለሁ፣ ትመጣላችሁ፣ ያልቃል። አሁን ግን በስልክ የተነገረን ነገር ራሱ የቅሬታዬ አንድ አካል ስለሆነ በወረቀት ይሻላል ብያለሁ።

ቦይለራችን በሰዓት 6 ቶን እንፋሎት ያመርታል። በርነሩ፣ ማለትም ነዳጁን በትኖ የሚያነደው ክፍል፣ የሚያነደው ከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው፣ ቦይለር ቤት ውስጥ ፈርነስ የምንለው። ይህ ነዳጅ በደብረ ብርሃን ጠዋት እንደ ሬንጅ ነው። በሂተር ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ካላሞቅነው አይፈስልንም፤ ሞቆም ቢሆን እንፋሎት በኖዝሉ (በመርጫው አፍ) ውስጥ ገብቶ ካልበተነው በደንብ አይነድም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ጭሱ ጠቆር አለና ጠራናችሁ።

ማክሰኞ የካቲት 4 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ቴክኒሻን መጣ። 11 ሰዓት ላይ ጨርሶ ሄደ። ሲሄድ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ በዓይን አይታይም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩለት።

ያ ሰዓት ግን ማቅለሚያ ክፍሉ ውስጥ ማሽኖቹ ሁሉ የሚሠሩበት ሰዓት ነበር። ቦይለሩ በሙሉ አቅሙ ይነድ ነበር። የነዳጁ ጌጅ 6 ባር፣ የእንፋሎቱ ጌጅ 7.5 ባር ያሳይ ነበር። የበርነሩ መመሪያም እንፋሎቱ ከነዳጁ በ1.5 ባር ይብለጥ ነው የሚለው። ስለዚህ ቴክኒሻናችሁ በዚያች ሰዓት ያስተካከለው ነገር ልክ ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ቦይለሩ ግን እዚያ ነጥብ ላይ ቆሞ አይውልም። ማሽኖቹ ሲቆሙ የእንፋሎት ፍላጎት ይወርዳል። የነዳጁ ቫልቭ ይጠብና ግፊቱ እስከ 2.5 ባር ይወርዳል። እንፋሎቱም አብሮት መውረድ አለበት። ይህን የሚያደርገው የሁለቱን ልዩነት የሚጠብቀው ሬጉሌተር ነው። በቀጭን ቱቦ የነዳጁን ግፊት እያዳመጠ እንፋሎቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ቴክኒሻናችሁ ይህ ሬጉሌተር ተጣብቆ አገኘው። የኋላና የፊት ቫልቮቹን ዘጋና የእንፋሎቱን ባይፓስ፣ ማለትም ሬጉሌተሩን ዞሮ የሚያልፈውን መስመር፣ በእጁ ከፈተ። ጌጁ 7.5 ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ መስመሩን እየተከተልን ስናይ ነው። ለእኛ በተሰጠው ሪፖርት ላይ የተጻፈው «በርነሩ ተስተካክሏል፣ ቦይለሩ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል» የሚል አንድ መስመር ነው። ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል ብሎ ቢጽፍልን እኮ ምንም አልነበረም። ዕቃ ይበላሻል። መለዋወጫው እስኪመጣ በእጅ እንነዳዋለን፣ ለኦፕሬተሮቹም እንነግራቸዋለን። ባይፓስ ከፍቶ ዝም ማለቱን ግን ምን ልበለው?

የዚያኑ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የማቅለሚያው ሥራ አለቀና ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ነዳጁ ወደ 2.5 ባር ወረደ። እንፋሎቱ 7.5 ላይ እንደተቸከለ ነው። የ5 ባር ልዩነት ማለት ነው። በእኛ ዓይነት ኖዝል ነዳጁና እንፋሎቱ የሚገናኙት ውስጥ ስለሆነ፣ እንፋሎቱ እንዲህ ሲበረታ ነዳጁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያለፈው ነዳጅ የሚሰጠውንም ነበልባል ከአፉ ላይ ይነቅለዋል። እሳቱ ጠፋ። ነበልባሉን የሚጠብቀው ፎቶሴል ነበልባል ስላጣ ቦይለሩን ዘጋው። ሪሴት ተደረገ፣ ፋኑ ምድጃውን ጠረገ፣ ተለኮሰ፣ ትንሽ ነደደ፣ እንደገና ጠፋ።

በሌሊት ሺፍት ላይ የነበሩት ኦፕሬተር በቦይለር ሥራ 22 ዓመት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ቀን ላይ ለቴክኒሻናችሁ «ልጄ፣ ድምፁ ተለውጧል እኮ» ብለውት ነበር። «ፋዘር፣ አያስቡ» አላቸው። ሌሊት ሲደውሉለት ስልኩን በማንሳቱ አመሰግነዋለሁ፤ ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት አያነሳም። መልሱ ግን «ሪሴት ያድርጉት፣ ይይዛል» ነበር። አንድ ጊዜ ሞከሩት። ጠፋ። መልሰው ደወሉ። «አሁንም ሪሴት ይበሉት፣ አየር ይዞ ይሆናል» አላቸው።

ሰውየው እምቢ አሉ። የነዳጁን ቫልቭ ዘጉና ፋኑን ብቻ ለረጅም ጊዜ አስነሱት። ከዚያ በመመልከቻው መስታወት አዩ። የምድጃው ወለል በነዳጅ ረጥቦ ያብለጨልጭ ነበር። ጡቡ ገና ግሎ ነው፤ ነዳጁ እየተነነ ነው። ሦስተኛውን ሪሴት ተጭነው ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ፍንዳታ ሊፈጠር ይችል እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ሥራችሁ ነው። በርነር በሪሴት ሁለት ጊዜ ተለኩሶ ከጠፋ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሦስተኛ አይለኮስም። ይህን የሚያስተምር ሰው ነው በስልክ ተቃራኒውን የነገረን። የዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ተረስቶ ይህ ብቻ ቢነበብልኝ አይቆጨኝም።

በማግስቱ ባይፓሱን አገኘነውና ኦፕሬተሮቹ በእጃቸው እየተከታተሉ እንዲነዱት አደረግን። እስከ ሰኞ ደህና ሄደ። ሰኞ የካቲት 10 ጠዋት ግን ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሱ። የቦይለሩ ግፊት ወረደ፤ በባይፓሱ የሚያልፈው እንፋሎትም አብሮ ወረደ። ነዳጁ ደግሞ ቦይለሩ ግፊት ስለጎደለው ሊያሟላ ወደ ላይ ወጣ። ለጥቂት ደቂቃ ነዳጁ ከእንፋሎቱ በለጠ። ከእንፋሎቱ መስመር ስቲም ትራፕ፣ በመስመሩ የሚጠራቀመውን ውሃ ከሚያወጣው ዕቃ፣ ጥቁር ጠብታ ሲወርድ ያየው የጽዳት ሠራተኛችን ነው። «ይሄ ውሃ ለምን ጠቆረ?» ብሎ ጠየቀ። ነዳጅ ወደ እንፋሎት መስመሩ ገብቷል። ወደ ኋላ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭም አልከለከለውም። ደግነቱ ያ ትራፕ የሚፈሰው ወደ ውጭ ነው። ወደ ቦይለሩ መጋቢ ውሃ ታንክ ቢሆን ኖሮ፣ ዘይት የገባበትን ቦይለር ስለማጠብ ነበር የምንጻጻፈው።

የካቲት 12 ፋብሪካው ዝግ ነበር። አጋጣሚውን ተጠቅመን ኖዝሉን ፈታነው። ቀዳዳዎቹ ክብ አይደሉም። ሦስቱ ሞላላ ሆነዋል፣ ጠርዛቸውም ተፍቋል። ኦፕሬተራችን ቴክኒሻኑ በብረት ሽቦ ሲጎረጉራቸው አይተዋል። ኖዝል በናፍጣ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ወይም በነሐስ መርፌ ነው የሚጸዳው። ቀዳዳው በትንሹ እንኳ ከሰፋ የሚያልፈው ነዳጅ ይጨምራል፤ የሚበተንበት አቅጣጫም ይዛባል። አሁን ነበልባሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የምድጃውን ጎን ይልሰዋል። እዚያ ቦታ ላይ የጥላሸት ክምር አለ።

የአየሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ቴክኒሻናችሁ የሚገባውን አየር የሚወስነውን ዳምፐር ያስተካከለው ጋዝ መለኪያ ሳይዝ ነው። ስጠይቀው «ይሄው ልክ ድሬዳዋ ላይ ቆንጆ ሠርቶልኛል» አለኝ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ። ያው ፋን ያንኑ ያህል አየር ቢነፋም እዚህ የሚገባው ኦክስጅን ከድሬዳዋው ከመቶ ከ10 በላይ ያነሰ ነው። የበርነር ልክ ከከተማ ከተማ እንደ ሸሚዝ አይዋዋሱትም። መለኪያውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትቶ ኦክስጅኑን ማየት ነበረበት። ለመኪናው ነዳጅ ከፍለን መለኪያው ቢሮ ቀረ።

ጉዳቱን በተመለከተ የሺፍት መዝገባችንን ቅጂ አያይዣለሁ። ከጥገናው በፊት በአማካይ በቀን 3,100 ሊትር እናነድ ነበር። ከየካቲት 5 እስከ 16 ባሉት የሥራ ቀናት 3,350 ደርሷል፤ ምርቱ ያው ነው። የጭሱ ሙቀት በተመሳሳይ ጭነት ከ215 ወደ 260 ዲግሪ ወጥቷል። 20 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከመቶ 1 ያህል ነዳጅ በጭስ ማውጫው እንደሚሄድ እናንተው ናችሁ በሥልጠና የነገራችሁን። ቱቦዎቹ ጥላሸት ለብሰዋል ማለት ነው። ቀሪው የጠፋው ደግሞ በደንብ ሳይነድ በሚወጣው ነዳጅ፣ እሳቱ በጠፋ ቁጥር ምድጃውን በሚያቀዘቅዘው አየር እና ያለልክ ወደ ኖዝሉ በሚገባው እንፋሎት ነው። ያ እንፋሎት ከየትም አይመጣም፤ ከራሱ ከቦይለሩ ነው የሚቀነሰው። ፈርነስ ዛሬ በምን ዋጋ እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ወረፋውንም ታውቃላችሁ።

የአንድ ልጅ ጥፋት ብቻ አድርጌ ማየት አልፈልግም። ልጁ ትጉህ ነው። በዚያን ቀን ከእኛ በኋላ ሸዋ ሮቢት ሌላ ሥራ እንደሚጠብቀው ነግሮኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። በሦስት ሰዓት ውስጥ በርነር ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ጭነት ማስተካከል አይቻልም። ኖዝሉን አጽድቶ ለመግጠም ብቻ አንዱ ሰዓት ይሄዳል። ይህን መርሐ ግብር ያወጣው ቢሮ ነው፣ ልጁ አይደለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ጋዝ መለኪያ ይዞ የሚመጣ ልምድ ያለው ባለሙያ ላኩልን፤ ያው ልጅም አብሮ ቢመጣ ደስ ይለናል፣ ይማርበታል። ሬጉሌተሩ ተፈትቶ ይታይ። የሚጠገን ከሆነ ይጠገን፤ ካልሆነ ዋጋውን በጽሑፍ አሳውቁንና እኛ እንገዛለን፣ የእርጅናውን ዕዳ በእናንተ ላይ አንጭንም። ኖዝሉን ግን በራሳችሁ ወጪ ትተካላችሁ፤ እሱ በእጅ የተበላሸ ነው። የጥላሸቱም ጽዳት በእናንተ ነው። ከዚያ በርነሩ ቢያንስ በአምስት የጭነት ደረጃ ይስተካከል። በእያንዳንዱ ደረጃ የነዳጁ ግፊትና ሙቀት፣ የእንፋሎቱ ግፊት፣ ኦክስጅኑና የጭሱ ሙቀት ተመዝግቦ፣ ተፈርሞ ይሰጠን። ያንን ወረቀት ቦይለር ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ሌሊት ስልክ መደወልም ይቀርልናል።

ከየካቲት 4ቱ ሥራ ያልተከፈለውን 40 በመቶ ይህ እስኪፈጸም ይዘነዋል። ለሌሊት ጥሪዎች በስልክ የሚሰጠው ምክር ማን እንደሚሰጠውና ምን ማለት እንደማይቻል በጽሑፍ እንድታሳውቁንም እንፈልጋለን። ለዚህ ደብዳቤ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘን ውላችንን ለማቋረጥ እንገደዳለን።

በአሁኑ ሰዓት ቦይለሩን ከግማሽ ጭነት ሳናወርድ፣ ሳናወጣ፣ ሁለት ሰው መድበን በእጅ እየነዳነው ነው። ለመምጣት እሑድ ይመቸናል፣ ፋብሪካው ስለሚያርፍ። ሙሉ ጭነቱን ለማየት ግን ሰኞ ጠዋትም መቆየት ያስፈልጋል፤ ማደሪያ እናዘጋጃለን። ጃኬት ይዛችሁ ኑ።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል ኃላፊ

አባሪ፦ የሺፍት መዝገብ ቅጂ 12 ገጽ፣ የኖዝሉ ፎቶ 4፣ የየካቲት 4 የሥራ ሪፖርት ቅጂ

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
ለፋይናንስ ክፍል
ለሌሊት ሺፍት ቦይለር ኦፕሬተር