ገደሉ በ120 መለሰ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መጀመሪያ ስማችንን ላጽዳ። "ዲጄ" ሲባል መጠጥ ቤትና ሌሊት የሚታያችሁ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥቅምት ላይ ሚኒ ሚዲያ ክበባችን የዲጄ ቡድን ሲከፍት ባልደረቦቼ ሳይቀሩ "ፊዚክሱ ሰለቸህ እንዴ?" ብለውኛል። አልሰለቸኝም። እንዲያውም ዘንድሮ ተማሪዎቼ ፊዚክስ ሲገባቸው ያየሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ታውቋታላችሁ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው፣ ጣሪያዋ የሚያፈሰው።

በየሐሙሱ ተሰብስበናል። ቃለ ጉባኤው አለ፣ የፈለገ ያንብበው። 19 ተመዝግበው 12 ዘለቁ። በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ የምትሰሙት ሙዚቃ የእነሱ ሥራ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ሁሉም ፍላሹን ይዞ መጣ። አንዱ አማፒያኖ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሌላው ቴክኖ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ከማሲንቆ ሌላ አትሰማም። ዲጄ ሁለት ዘፈን ሳያቋርጥ ለማያያዝ ምታቸውን ማግጠም አለበት። ላፕቶፔ ላይ ሚክስ የተባለውን ነፃ የዲጄ ፕሮግራም ጫንኩና የየሙዚቃውን ፍጥነት በቁጥር አሳየኋቸው። የደቡብ አፍሪካው አማፒያኖ በደቂቃ 112 ምት አካባቢ ይሄዳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ የተወለደው ሀውስ 120ና ከዚያ በላይ ነው። የዲትሮይቱ ቴክኖ 130 አካባቢ። የእንግሊዞቹ ድራም ኤንድ ቤዝ እስከ 174 ይሮጣል። "ቲቸር፣ 174ን ከማን ጋር ልናጋባው ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ከ87 ጋር። ግማሹ ነው። ዝግ ያለ የሬጌ ምት ከሥሩ ሲገባ ምንም አልተጋጨም። ሳቁም ቆመ።

የከበደን የራሳችን ሙዚቃ ነው። ችክችካ በ6/8 ነው፣ ሀውስ በ4/4። እኛ እያንዳንዱን ዋና ምት ለ3 እንከፍለዋለን፣ እነሱ ለ2 ወይም ለ4። ዝም ብላችሁ ከደረባችኋቸው ከበሮው ያነክሳል። ሁለት ወር ፈጀብን። መላውን ያገኘችው የማሲንቆዋ ልጅ ናት። የሀውሱን ትሬብል ዘጋችው። ጥቃቅኑ ሲምባል ጠፍቶ ድም ድም የሚለው ብቻ ቀረ። ዋናውን ምት ከዋናው አጋጠመችና መሃሉን ለከበሮው ለቀቀችለት። ከዚያ የአንዱን ቤዝ ቀንሳ የሌላውን ከፈተች። ሁለት ቤዝ እኩል ከተለቀቀ የኛ ሞንታርቦ ማጉረምረም እንጂ ሌላ አያውቅም።

ልጅቷ ከመንዝ ናት። ከተማ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ስንቅ ከቤት ይላክላታል። መጀመሪያ ሰሞን ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።

ጥር ላይ፣ ከፈተና በኋላ፣ ጣርማበር ሄድን። የመኪናውን መምህራን አዋጥተን ነው። ለአንድ ቢሮ የትብብር ደብዳቤ ጽፈን ነበር፤ መልሱን አሁንም እየጠበቅን ነው። ዓላማችን ከኢንተርኔት የማይወርድ ድምፅ መቅዳት ነበር። ነፋሱ ግን አላስቀዳ አለን። አንዱ ልጅ የሱፍ ካልሲውን አውልቆ ለስልኩ አለበሰው። ሽታውን ተዉት፣ ሠራ።

ጉሙ ገለጥ ሲል አፋፉ ላይ ጅራፍ የያዘ እረኛ ታየ። እንዲያጮህልን ለመንነው። ከራሱ በላይ አዙሮ ለቀቀው። ጧ! ቀረጻውን ልናቆም ስንል ገደሉ መለሰው። ጧ፣ ራቅ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ። "እስቲ ድገመው" አለችው የመንዟ ልጅ። ደገመው። እሷ በእግሯ መሬቱን እየመታች ትቆጥራለች። በሦስተኛው ዞር አለችና "ቲቸር፣ ገደሉ ሁለት ምት ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ልክ በ120!" አለችኝ።

በ120 ፍጥነት ሁለት ምት አንድ ሴኮንድ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደርሶ መልስ ስለሆነ ገደሉ 170 ሜትር ያህል ይርቀናል ማለት ነው። ይህን ስሌት ስንት ዓመት በጠመኔ ጽፌዋለሁ። በእግር ተቆጥሮ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴን ወደ ጉሙ አዞርኩ። ነፋሱ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ከሁሉም ተለየ። ሀውስ ላይ በ2ኛውና በ4ኛው ምት ጭብጨባ ይገባል። እሷ ጭብጨባውን አወጣችው። በ2ኛው ላይ ጅራፉ፣ በ4ኛው ላይ ገደሉ። ከላይ ማሲንቆ በትዝታ ቅኝት። ሌሎቹ ወዲያው ሊቀዱባት ሞከሩ። ከለከልኳቸው፤ የየራሳችሁን ፈልጉ አልኳቸው። የቴክኖው ልጅ እዚያው ቴክኖው ላይ ነው፣ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር 64 ምት ሙሉ ይታገሳል። መቼ እንደቀየረው አትነቁበትም።

የካቲት ላይ ላፕቶፔ ተበላሽቶ የወራት ሥራ ጠፋ። ጅራፉ ስልክ ላይ ስለነበር ተረፈ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ያሰብነው ውድድርም አልሆነም።

የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። ዲጄ ቀጣዩን ዘፈን ከመልቀቁ በፊት በጆሮው ይሞክራል። ለ12 ልጆች ያለን አንድ ማዳመጫ ነው፣ እሱም የሚሠራው በአንድ ጆሮ። ያገለገለ ኮንትሮለር (የዲጄ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ቢገኝ ኪቦርድ ከመደብደብ እንድናለን። የግራው ሞንታርቦ ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ ነው።

በወላጆች ቀን የልጅቷን የ11 ደቂቃ ሥራ አቀረብን። እናቷ ከመንዝ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ጅራፉ ሲጮኽ ደንግጠው ዞር ዞር አሉ፣ ከዚያ ሳቁ። 7ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለን፣ ነዳጅ ነው የሌለው። ቀሪው 4 ደቂቃ ክበቡ ውስጥ አለ። መስማት የምትፈልጉ ሐሙስ በ10 ሰዓት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።