ሚረር ባክአፕ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ብርሃን ፎቶ ቤቶችና የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ስንት ዓመት የለፉበትን ፋይል በአንድ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ጥለው ይተኛሉ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክና ለሲስተሙ አንዲት ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ አካል የሌላት ዲስክ) ካሉ ሰርቨር፣ ማለትም የፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር፣ ይሆናል። በነፃ የሚገኘው ትሩናስ የተባለ የሰርቨር ሶፍትዌር ሁለቱን ዲስኮች በሚረር ያጣምራል፤ ማለትም እያንዳንዱን ፋይል በሁለቱም ላይ እኩል ይጽፋል፤ የሚይዘው ግን 4 ቴራ እንጂ 8 አይደለም።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው ሚረሩን እንደ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሲቆጥር ነው። ከአንዱ ዲስክ የተሰረዘ ፋይል በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይሰረዛል። ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ ግድ ነው፤ በሳምንት አንዴ ተገልብጦበት፣ ተነቅሎ፣ ሌላ ቤት የሚቀመጥ። ተሰክቶ ከዋለ መብረቁም ቫይረሱም አብሮ ያገኘዋል። አልፎ አልፎም ከእሱ ላይ ጥቂት ፋይል መልሶ፣ ከፍቶ ማየት ነው።

ለመብራት መቆራረጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ይገዛል፤ የዩኤስቢ ገመዱ ግን ካርቶን ውስጥ ይቀራል! ገመዱ ተሰክቶ ሰርቨሩ ባትሪው ሳያልቅ ራሱን እንዲዘጋ ካልታዘዘ፣ ባትሪው ሲሟጠጥ ያው ድርግም ነው።

ደጋነታችንም ይታሰብበት። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳና ጭንቅላቱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ብዙዎቹ አምራቾች የሚፈቅዱት እስከ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ናት፤ የመንዟ መሐል ሜዳ ግን ታልፈዋለች። ለመንዞች ቢወደድም ኤስኤስዲ ይሻላል።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን