ከሆስፒታል የወጡትን አባላችንን ስለመርዳት

ውድ የእድራችን አባላት፣

ድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አባላችን ኮዬ ፈጬ ቤታቸው ገብተዋል። ጥየቃው ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ ከ15 ደቂቃ ሳያልፍ ይሁን፤ ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ገንፎው ለአራስ ይቆይ፤ ለአሁኑ አጥሚትና ሾርባ በትንሽ በትንሹ።

ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አያንሱ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ግማሹም ይከብዳቸዋል፤ ውሃ በመጣ ቀን ተረኛው ልጅ ልኮ ያስቀዳላቸው። ሲያስሉ ስፌቱ እንዳይሳብ ትራስ ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው ይያዙ። ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ደግፋችሁ ኮሪደሩን አመላልሷቸው፤ ተኝቶ መዋል እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ቁስሉ ላይ ቅቤም ሆነ የቡና ዱቄት አይደረግ፣ አደራ!

ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ መግል፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።