ተመራጮቻችን በ5 ዓመት አንዴ ብቻ ለምን?

ለአዘጋጁ፦

የምርጫ መቅረብና መራቅ የተመራጮችን ጆሮ ይወስናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለ5 ዓመት እንዲመረጥ ይደነግጋል። ምርጫ ሲደርስ የማይረገጥ ቀበሌ የለም። ከዚያ በኋላስ? ቡሬ ላይ በቆሎ የሚዘራው ገበሬ ሰኔ ገብቶ ማዳበሪያ ሲያጣ፣ አህያውን ይዞ መጋዘን ደጅ ሲውል፣ አቤት የሚለው ለማን ነው? ገበሬው በየዓመቱ ይጨነቃል፤ ተመራጩ ግን በ5 ዓመት አንዴ።

ይኸው አንቀጽ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማውረድ እንዲችል ይፈቅዳል። ሥራውን ሳያውቅ ግን በምን ይመዝነው?

ስለዚህ ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ እያንዳንዱ ተመራጭ ክረምቱን ወደ መረጠው ሕዝብ ይውረድ። ያነሳውን ጥያቄና ያገኘውን መልስ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ወረቀቱም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ