ለአባዬ፣ ስለ እንግሊዝኛ ዲፓርትመንቱ

ደሴ፣ ጥር 2017

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ነህ አባዬ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ግን አልቻልነውም። ጠዋት ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነው የሚታየው፤ ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ነው ክፍል የሚገቡት።

ባለፈው በስልክ "ዲፓርትመንቱስ?" ብለህ ጠየቅከኝ። "ደህና ነው" አልኩህ። አልሰማኸኝም። እህቴን "ምን አለች?" ስትላት ይሰማኛል። ደግሞ እኮ በጩኸት የሚነገር ነገር አይደለም። እና ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ።

ጡረታ ስትወጣ ያስረከብከው የብረት ቁም ሳጥን ትዝ ይልሃል? በ2014 ጦርነት ባዶውን ቀረ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፤ እንዳታዝን ብዬ ነው። ከተማዋ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር ማብቂያ በጦርነቱ ውስጥ ቆይታ ስንመለስ፣ የዲፓርትመንቱ በር ተገንጥሏል። ዲክሽነሪዎቹ የሉም። ቴፑ የለም። ወለሉ ላይ የፈተና ወረቀት ተበትኗል። ጎንበስ ብዬ ስለቃቅም የጫማ ዱካ ያረፈበት አረንጓዴ መዝገብ እጄ ገባ። የዲፓርትመንቱ ቃለ ጉባኤ ነበር። ገለጥኩት። ያንተ ጽሕፈት! ያ ወደ ቀኝ ዘንበል የሚለው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ትላለህ፦ "እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በተማሪ ንባብ ይጀመር። አሥር ደቂቃ። ልጁ ሲሳሳት አይቋረጥ።" ከሥሩ የሰባት መምህራን ፊርማ አለ። ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ትምህርት ሲጀመር ለስምንታችን የነበረን ጠመኔና ይሄ መዝገብ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባችን ያንን ገጽ አነበብኩላቸው። "በቃ፣ ከዚህ እንጀምር" አሉ። የሚነበብ መጽሐፍ ስላልነበረ ምንባቡን ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍነው። አንዷ መምህርት የምትጽፈው ማታ ልጇን ካስተኛች በኋላ ነበር። አንዱ ካርቶን ላይ አሁንም የዘይት ምልክት ይታያል። አልጣልነውም፤ ግድግዳው ላይ ነው።

ከዚያ ከየቤታችን አዋጣን። የቀድሞ ተማሪዎችህም ሰሙ። "የጋሼ ዲፓርትመንት እኮ ነው" እያሉ ከአዲስ አበባም ከኮምቦልቻም በኩርቱ ፌስታል መጽሐፍ አመጡልን። ዛሬ ሁለት መደርደሪያ ሞልቷል። ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ ተሰልፈው ይዋሳሉ፤ የውሰት መዝገቡን የሚይዙትም ራሳቸው ናቸው።

አንድ ልጅ ልንገርህ። አባቷ ሰኞ ገበያ እህል ይነግዳል። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አፏን አትከፍትም ነበር። ተራዋ ሲደርስ ተነስታ መሬት መሬት ታያለች። እንዳልከው አላቋረጥናትም። "እስኩል" ብላ አነበበች፤ ዝም አልናት። "እስፖርት" አለች፤ ዝም። አንተ ታውቀዋለህ፣ ቃሉ በሁለት ተነባቢ ሲጀምር ምላሳችን መጀመሪያው ላይ "እ" ካልጨመረ አይሆንለትም። ሳምንቱን ሙሉ ካነበበች በኋላ ነው ለብቻዋ ያሳየኋት፦ እንደ እባብ "ስስስ" በይና ሳታቋርጪ "ኩል" በይ። አሁን የሚኒ ሚዲያው የእንግሊዝኛ ፕሮግራም አቅራቢ እሷ ናት። ጠዋት ሰልፍ ላይ ድምጿ በስፒከር ሲወጣ ግቢው ጸጥ ይላል። አባቷ አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲሰማ አየሁት። እንግሊዝኛ አያውቅም። እስክትጨርስ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሌላው ደግሞ የቀረበትን ምክንያት ሲጽፍልኝ "ኮልድ ሂት ሚ" አለ። ብርድ መታኝ ማለቱ ነው። በቀይ ልሰርዘው ስል አንተ ትዝ አልከኝ። "ልጁ መጀመሪያ የሚያስበው በአማርኛ ነው፤ ድልድዩን አታፍርሱበት" ትል ነበር። እኔም ብላክቦርዱን ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል አማርኛውን፣ በሌላ በኩል እንግሊዞቹ የሚሉትን ጻፍኩ። ሲጋራ እኛ እንጠጣለን፣ እነሱ ያጨሳሉ። ቴሌቪዥን እኛ እንዘጋለን፣ እነሱ ያጠፋሉ። ልጆቹ በየቀኑ አዲስ ያመጣሉ። አሁን የተለየ ደብተር ሆኗል።

የማትሪኩን ነገር ጠይቀኸኛል። አልዋሽህም፣ ከባድ ነው። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ጥር 2015 ሲነገር፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። 29,909 ልጅ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ዞሮ አየን። ቅር አለኝ፤ ግን እውነትም አለበት። ልጆቹ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ሁሉንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂ የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው ሳይገባው ይወድቃል። ስለዚህ ከባዮሎጂና ከፊዚክስ መምህራን ጋር ተቀምጠን ጥያቄ ላይ የሚመላለሱትን ቃላት ለቀምን። አነጻጽር፣ አስላ፣ ምክንያቱን አብራራ የሚሉትን። እነሱን እኛ እናስተምራለን። እኔ ከሠራናቸው ሁሉ የምኮራበት ይሄ ነው፤ በሪፖርት ቅጹ ላይ ግን የሚሞላበት ቦታ የለውም። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ የዚያች ልጅ ድምፅም የትም አይመዘገብም።

ፕላዝማ የገባ ጊዜ ቤት መጥተህ "ዛሬ ቴሌቪዥን ሲያስተምር ቆሜ ዋልኩ" ያልከው አይረሳኝም። እራትም አልበላህም። ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን፣ ልጅ ሲያነብ አጠገቡ መቆም ምን እንደሆነ ሳውቅ ገባኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። በሩ ላይ የለጠፍካት ማስታወሻ ከበሩ ጋር ሄዳለች። "እዚህ የሚገባ ሁሉ ይሳሳታል፤ ይግባ" የምትለው። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ነበረች። ወጣቶቹ መምህራን በኮምፒውተር እንጻፋት አሉኝ፤ እኔ እንቢ አልኩ። በእጅህ ጻፍልኝ። እጅህ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ፤ ለየካቲት እረፍት ስመጣ እወስዳታለሁ።

መነጽርህን አድርግ። መድኃኒትህንም አትርሳ።

የምትወድህ ልጅህ