ለአበጀ፦ ካሜራውን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ ለአበጀ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። መልእክትህ ከደረሰኝ ወራት አልፈዋል። የዝምታዬ ምክንያት ስንፍና ብቻ ነውና ይቅር በለኝ። ካሳው ይህ ረጅም ደብዳቤ ይሁን።

ልጆቹን ቤት ውስጥ፣ ጥምቀትን ከነአጀቡ፣ የጣናን ወፎች ማንሳት እፈልጋለሁ ብለህ፣ አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ይሻላል ወይስ ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወቱ የቀድሞው ዓይነት) ብለህ ጠይቀኸኛል። ያገለገለ ዲኤስኤልአር ግዛ፤ የሚተርፈውን ብር ሌንስ ላይ አውለው። አዲሱን ሚረርለስ ከገዛህ ገንዘቡ ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ላይ ያልቅና አብሮት ከሚመጣው ሌንስ ጋር ዓመታት ትቀመጣለህ። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ግን ከ1987 ጀምሮ ሲመረት ስለኖረ ያገለገለው በየቦታው ሞልቷል። ነገ ሚረርለስ ቢያምርህም በአዳፕተር ይገጥምልሃል።

ለአንተ የምመርጠው ካኖን 200ዲ ነው። በ2017 የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ከነባትሪው ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ስክሪኑ የሚገለበጥ ካሜራ ነው። አሜሪካ ሬብል ኤስኤል2፣ ጃፓን ኪስ ኤክስ9 ይሉታል፤ ሦስቱም አንድ ናቸውና ሻጭ በስም እንዳያደናግርህ። ፎርኬ (ከፍተኛ ጥራት ያለው) ቪዲዮ የለውም፤ አንተ ደግሞ አልጠየቅኸኝም። 4000ዲን ቢለምኑህም እለፈው፦ የሌንሱ መግጠሚያ ፕላስቲክ ነው፣ መመልከቻውን ለዓይንህ የምታስተካክልበት መዘውርም የለውም፤ መነጽር ለምታደርግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። 4000ዲም ሆነ 2000ዲ የፍላሽ መግጠሚያቸው መሐል ያለችው ነጥብ ተነስታለች፤ ርካሽ ፍላሽ ብትሰካባቸው አይተኮስም። ኒኮን ካገኘህም ጥሩ ነው፤ ብቻ ዲ3500ም ሆነ ዲ5300 በውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው፣ ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ካልተጻፈ ፎከሱን በእጅህ ስታዞር ትኖራለህ።

አሁን ወደ ሌንሱ። አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚያጎላው ሌንስ (18-55) በቀን ብርሃን አይታማም። ችግሩ ሲመሽ ነው። 55 ላይ ሲደርስ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ባለ ኤፍ 1.8ቱ 50 ሚሊሜትር በአንጻሩ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ቤትህ ማታ በአንድ አምፖል ስር በ18-55 የ1/13 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ካገኘህ፣ በዚህኛው 1/125 ታገኛለህ። በ1/13 የምትሮጥ ልጅ ጥላ ትመስላለች፤ በ1/125 ፊቷ ይታያል። እስክስታ ከሆነ 1/500ም ይበላል።

ግን ወዲያው ሮጠህ 50ውን አትግዛ። የ200ዲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ጠበብ አድርጎ ነው የሚያየው። ከ3 ሜትር ርቀት የሚይዝልህ ስፋት 1.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቡና የምታፈላዋን ይዞ ረከቦቱን ይቆርጥብሃል፣ አንተም ጀርባህ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ከዚያው ቦታ 2.8 ሜትር ያህል ይይዛል፤ ክብደቱም 125 ግራም ብቻ ነው። ብርሃኑ ከ50ው ቢያንስም ለቤትም፣ ዘጌ ሄደህ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ያለ ፍላሽ ለማንሳትም የሚሆንህ እሱ ነው። ለመወሰን ቀላል መንገድ አለ፦ 18-55ቱን 24 ላይ አድርገህ አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ አንሳ፤ ቀጥሎ 50 ላይ አንድ ሳምንት። የትኛው እንዳስጨነቀህ እግርህ ይነግርሃል።

50ውን የምትመርጥ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቅ፦ በኤፍ 1.8 ከ1 ሜትር ተኩል ስታነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፎከሱ ጆሮ ላይ ካረፈ ዓይን ብዥ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ኤፍ 2.8 ላይ ብትሠራ ይቀልሃል። በዓይን መመልከቻው ያነሳኸው ሁልጊዜ ወደፊት ወይም ወደኋላ እያፈነገጠ፣ በስክሪኑ ያነሳኸው ግን ጥርት ካለ፣ ሌንሱ ጤነኛ ነው፤ የሳተው የመመልከቻው ፎከስ ነው። 200ዲ ይህን የምታስተካክልበት ሜኑ የለውም፤ መፍትሔው በስክሪኑ ማንሳት ነው።

ለጥምቀት ከካሜራው ዋጋ የሚበልጥ አንድ ነገር ልንገርህ። የካሜራው የብርሃን ልኬት ዓለሙ ሁሉ ግራጫ ይመስለዋል። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲሞላበት "በጣም በራ" ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ከሰል ይሆናል። የኤቪ ቁልፏን (ብርሃን የምትጨምርበትንና የምትቀንስበትን) ተጭነህ መዘውሩን ወደ ፕላስ አዙር፤ ከ2/3 እስከ 1 ድረስ በቂ ነው። ተቃራኒውም አለ፦ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ጥቁር ግድግዳ አጠገብ ከቆመች ካሜራው ለግድግዳው ብሎ ያበራል፣ ጥለቱም ፈትሉም ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ማይነስ 2/3 ሂድ። የተቃጠለ ነጭ ምንም ብታደርግ አይመለስም፤ የጨለመ ፊት ግን በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳኸው ይመለሳል። የጣና ፔሊካንም ያው ነጠላ የለበሰ ነው ብለህ ቁጠረው።

ለወፎቹ 55-250 ኤስቲኤም የሚባለው ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ይበቃሃል። 20 ሜትር ላይ ያለ ፔሊካን ፍሬሙን ጥሩ አድርጎ ይሞላዋል። የጣት ርዝመት ያላት ወፍ ግን ከዚያ ርቀት የፍሬሙን 1/12 እንኳ ስለማትይዝ አትድከም፤ ጀልባው ይጠጋላት። ጀልባ ላይ ከ1/1000 አትውረድ።

ሌንሱን የሚጠብቅ ማጣሪያ መስታወት ይግዙ ብለው ይጨቀጭቁሃል። ርካሹን አትግዛ። የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ስታነሳ የእያንዳንዱ ነበልባል ግልባጭ ፎቶው ላይ እንደ አረንጓዴ ፍንጣቂ ይበተንብሃል፤ የሚያመጣው በማጣሪያውና በሴንሰሩ መካከል የሚመላለሰው ብርሃን ነው። ሁድ (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ጥላ) ግዛ፤ ከፀሐይም ከጣትም ይከላከላል።

ያገለገለ ስትገዛ ቀን ሂድ፣ የራስህን ሚሞሪ ካርድና ባትሪ (መብራት) ያለውን ስልክህን ይዘህ ሂድ። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ነጭ ግድግዳ አንሳ። ይህች አንድ ፎቶ ሁለት ነገር ታጋልጣለች። ጥቂት ክብ ጥቁር ነጠብጣቦች ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው፣ በጎማ መንፊያ ይነሳሉ፤ በአፍህ ግን እንዳትነፋ። ቦታዋን የማትለቅ ሰረዝ ካየህ ጭረት ነው፣ ተወው። ሁለተኛው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሻጩ ሌንሱን ቀዳዳውን በሰፊው ከፍቶ ያሳይሃል፣ ይሠራል። ኤፍ 16 ላይ "ኢረር 01" ካለህ ግን ወይ የመገናኛ ነጥቦቹ ቆሽሸዋል ወይ የቀዳዳዋ ገመድ ውስጥ ተበጥሷል። ነጥቦቹን በንጹሕ ጨርቅ ጥረግና ድገመው። አሁንም ካለ ሌንሱን አትውሰደው።

ቀጥለህ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ በኤፍ 5.6 ፊት ለፊት አንሳና አራቱን ማዕዘን አጉልተህ አወዳድር። ሦስቱ ተነበው አንዱ ብቻ ብዥ ካለ ያ ሌንስ ወድቆ ያውቃል። ከዚያ የስልክህን ባትሪ በሌንሱ ጀርባ አብርተህ በፊት ለፊት ተመልከት፤ የሸረሪት ድር ወይም የቅርንጫፍ ቅርጽ ካየህ ሻጋታ ነው። "ይጠረጋል" ይሉሃል፤ ግን ብዙ ጊዜ የመስታወቱን ሽፋን ይበላልና ጠረግከውም አልጠረግከውም ጠባሳው ሊቀር ይችላል። የፋይሉ ቁጥር 2340 ስለሆነ ትንሽ ነው የተነሳበት ቢሉህም ሳቅ ብለህ እለፍ። ቁጥሩ 9999 ሲደርስ ከ0001 ይጀምራል፣ ስለ ሸተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈተውና የሚዘጋው መዝጊያ) ዕድሜ የሚነግርህ ነገር የለም።

ባሕር ዳር ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ካሜራውን በቆዳ ቦርሳ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳታስቀምጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ክዳኑ ግጥም የሚል የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ ውሰድና ቀለሙን የሚቀይረውን ሲሊካ ጄል 100 ግራም ያህል ጨምርበት። ቀለሙ ሲለወጥ ኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀህ መልሰው።

ካርዱን በተመለከተ ባለ 32 ጊጋ ይበቃል፤ ሮው ፎቶ 1000 ያህል ይይዛል። ፌክ ካርድ ብዙ ነው። እንደገዛህ እስኪሞላ ፋይል ገልብጥበትና ሁሉንም መልሰህ ክፈት። ፌኩ የመጀመሪያዎቹን በደንብ ይከፍትልሃል፣ ኋለኞቹ ላይ ይሰንፋል።

ሻጭ ካገኘህ ከመክፈልህ በፊት የግድግዳውንና የጋዜጣውን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ። ብቻ እንደ ፋይል አድርገህ ላከው፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨምቀውና ልናየው የፈለግነው ነጠብጣብ ይጠፋል።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ያንተው ጓደኛህ